ሁለቱን ዳታቤዞች አንድ በረት ያሳደርን ዕለት

ከሚሴ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ሰይድ በመጀመሪያ ያስያዘኝ ኮምፒውተር ሳይሆን የመወልወያ ጨርቅ ነበር። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ከዱ! አቧራው ካልተጠረገ ሰርቨሩ ይታፈናል» አለኝ። እኔ ጀማሪ የዳታቤዝ ባለሙያ ነበርኩ፤ እሱ የክፍሉ አንጋፋ። መሥሪያ ቤታችን የእንስሳት ክትባት መዝገብ ይይዛል። የአንድ የጨፋ ሮቢት ገበሬ ላም መቼ እንደተከተበች የምናየው ጋሽ ሰይድ ብቻውን ለዓመታት ለፍቶ በሠራው ዳታቤዝ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ አወሳሰድ፣ ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ አሠራር፣ ሁሉንም። ሳበላሽ አይቆጣም፤ «ቢስሚላህ ብለሽ እንደገና» ይለኛል። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ድርጅት አዲስ ዳታቤዝ ይዞ መጣ። ኃላፊያችን ጠራኝና «አወዳድረሽ የሚሻለውን ጻፊልኝ። የተሸነፈው ይዘጋል» አለኝ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰማ መነጽሩን ደጋግሞ ጠረገ።

ሞከርኳቸው። አዲሱ ወዲያው መልስ ሲሰጥ የጋሽ ሰይድ አዘገመ። «አዲሱ እጅግ ይበልጣል» ብዬ ዓርብ ሪፖርቴን አስገባሁ።

እሑድ ሰንበቴ ከተማ ወላጆቼ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ የከብት ደላላ ነው። ነገሩን ስነግረው «አንድ በረት አሳደርሻቸው?» አለኝ።

«አባዬ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ሰዎች በበሬ ሲከራከሩብኝ እኔ እንዲያ ነው የማደርገው። ከቆላ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣና እዚሁ ጠግቦ የዋለ ጎን ለጎን አይታይም። አንድ በረት ይደሩ፣ አንድ ውሃ ይጠጡ። ጠዋት ደግሞ እያንዳንዱን ባለቤቱ ይንዳው፤ ለማያውቀው ሰው አይሄድለትም። ገባሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?»

ገባኝ፤ አፈርኩም። አዲሱን የሞከርኩት ድርጅቱ ባመጣው አዲስ ሰርቨር ላይ፣ የድርጅቱ ባለሙያ እንደሚመቸው አሰናድቶት ነበር። ያውም አንድ ጥያቄ እየደጋገምኩ ስለጠየቅሁት መልሱን ይዞት ይጠብቀኝ ነበር። የጋሽ ሰይድን ግን በአሮጌው ማሽን፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲጠቀምበት ሞከርኩት። እሱን ራሱን አንድ ነገር እንኳ አልጠየቅሁትም።

ሰኞ ኃላፊው ጋ ገብቼ «ሪፖርቴ ስህተት አለበት፣ ይመለስልኝ» አልኩ።

«ለጋሽ ሰይድ አዝነሽ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ አዝኛለሁ። ስህተቱ ግን የእኔ ነው» አልኩት። ሦስት ቀን ሰጠኝ።

ሁለቱንም አንድ ማሽን ላይ፣ ከአንድ ዓይነት መረጃ ጋር ጫንን። ጋሽ ሰይድ የራሱን፣ የድርጅቱ ባለሙያም የራሱን አሰናዳ። የያዘውን መልስ እንዲረሳ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ማሽኑን አጥፍተን አስነሳነው። አንድ ሰው ብቻ ሲጠይቅ የጋሽ ሰይድ ቀደመ፤ ፊቱ በራ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ግን አዲሱ በለጠ። የእኛ ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብዙ ሰው የሚጠይቅበት ነው። ውጤቱን ለጋሽ ሰይድ አነበብኩለት።

«አይዞሽ ከዱ» አለኝ። «የዓርቡን ስሰማ ወላሂ አልቅሻለሁ። ዛሬ ግን በዓይኔ አይቼ ነው የተሸነፍኩት። አልሃምዱሊላህ።» ከዚያ የመዝጊያውን ትእዛዝ በገዛ እጁ ጻፈ። እኔ ጨርቁን አንስቼ አሮጌውን ሰርቨር ወለወልኩ።

ሁለት ዳታቤዝ ስታወዳድሩ ማሽኑ፣ መረጃውና ሰዓቱ አንድ ይሁን። እያንዳንዱን የሚያውቀው ሰው ያሰናዳው። የሚሸነፈውም ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ይይ።