ቡሎን የሚያጠብቀው ሰው

ቡሎኑን እንደገና አጠበቀው። በስደት ከሚኖርበት ሰፈር፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ በክሪክ የተነሣ አሮጌ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቷል። በዚያ ሙቀት የሐዘን ጥቁር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ከሞተሩ ዘይት መያዣ ቆርቆሮ ማሸጊያ፣ ከጋስኬቱ የሚንጠባጠበውን ዘይት የሚቀበልበት፣ ጎረቤቱ ኅሩይ እሑድ እሑድ የሚያድለው የፖለቲካ ድርጅቱ ጋዜጣ ነው። ነገ ቶራንስ ካለው የሥራ ቦታው በሰዓቱ ካልደረሰ ፋብሪካው ያባርረዋል።

ሁለቱ ጎረቤቶች ተኳርፈዋል። የሚነጋገሩት ግቢው ውስጥ ልብስ በምታሰጣው ጎረቤታቸው በምንትዋብ በኩል ነው።

«ምንትዋብ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለ ኅሩይ ከበረንዳው። «እንዲህ ካጠበቀው ቆርቆሮው ይጣመማል፣ ጋስኬቱም ይጨፈለቃል። ሶ፣ ላላ ያድርገው።»

«ራስህ ንገረው፤ ደንቆሮ አይደለም።»

«ንገሪው» አለ ሰውየው ከመኪናው ሥር። «ወንድሜን የገደለ ድርጅት አባል መካኒክነት አያስተምረኝም።»

«ኦኬ፣ እኔን ተዉኝ! ልብሴን ላስጣ።»

ኅሩይ ሳቀ። «ያጥብቀው እንግዲህ። በእግሩ ሲሄድ እናየዋለን።»

ሰውየው መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የላላ የመሰለውን ቡሎን ሁሉ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አጠበቀ።

በማግስቱ በተጨፈለቀው ጋስኬት በኩል ዘይቱ ፈስሶ አለቀና ሞተሩ ፍሪዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ቀጥ አለ። ፋብሪካው አባረረው።