ዝናሽን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሎች

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ሦስት ሽማግሎች ደጄ ላይ ቆመው አገኘሁ...

የነፍስ አባቴ፣ የዕድራችን ዳኛና ጎረቤቴ አያ አለሙ ናቸው። በዚያ ጭቃ ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። «ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» አልኋቸው። ገቡ። ወንበር አቀረብሁ። አንቀመጥም አሉ!

«ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም» አሉኝ ቄሱ።

ክው አልሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ የሚለምነው ምን ፈልጎ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ልጅ ፈልጎ ነው። እኔ ቤት ያለችው ሴት ልጅ ደግሞ አንድ ናት፣ ዝናሽ። ገና ስምንተኛን መጨረሷ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ!

እኔን ከስድስተኛ ክፍል ያስወጡኝ እንዲሁ ቆመው የለመኑ ሽማግሎች ናቸው። ያ ቀን መጣብኝና አፌን መያዝ አቃተኝ።

«አታፍሩም? እርስዎ ደግሞ መስቀል ይዘው! ልጄ ተማሪ ናት፣ የምትዳር አይደለችም! አያ አለሙ፣ እርስዎስ የሷን እኩያ የልጅ ልጅ እያሳደጉ! አንድ እግራችሁ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሆኖ...»

ምኑ ቅጡ። ሽበታቸውን ሰደብሁት።

ሦስቱም እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ቄሱ፣ «ኧረ በሥላሴ! እኛ መች ሙሽራ ፈለግን!» አሉ። «የምንለምንሽ ልጅቱን ከሰፈሩ እንዳታወጫት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናሽ ፈተና አልፋ፣ ባሕር ዳር ለጎበዝ ተማሪዎች ብቻ ለተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ተመርጣለች። ቅጹ ላይ ወላጅ ፈርሞ እስከ ማክሰኞ ይመለስ ተብሏል። እዚህ ደግሞ ትምህርት ቤት በ«አንድ ለአምስት» ለጥናት ሲደራጁ የቡድኑ መሪ እሷ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት መልስ አምስቱም ልጆች እኔ ቤት ምንጣፍ ላይ ተደፍተው ነው ያጠኑት። የአያ አለሙ የልጅ ልጅ፣ ትሁን የምትባለውም፣ አንዷ ናት።

«ትሁን ሒሳብ የገባት በዝናሽ ነው» አሉ አያ አለሙ፣ ከዘራቸውን እያዩ። «ዘጠነኛንም እዚሁ ፍኖተ ሰላም አብረው ይማሩ። ያንቺዋ ከሄደች የኔዋ ትወድቃለች። ከወደቀች ደግሞ አባቷ ሊድራት ቆርጧል። እኔን አይሰማኝም...»

ፊቴ እሳት ሆኗል። የነፍስ አባቴን ቤቴ አስገብቼ ሰድቤ... አንዴ አሳፍሬያቸዋለሁ፤ ሁለተኛ እንዴት ላሳፍራቸው? እንዲያው ብቻ ያ እፍረት እንዲያልቅልኝ ብዬ...

«እሺ፣ ተቀመጡ» አልሁ።

ተቀመጡ። መረቁኝ። ዝናሽ ከጓዳ ወጥታ ጠላ ቀዳችላቸው፣ ጉልበታቸውን ሳመች። «ተባረኪ! እናትሽ አፏ ነው እንጂ ሆዷ ማር ነው» አሏት ዳኛው። ሁሉም ሳቁ። እሷ ቀና ብላም አላየችኝ።

ሲሄዱ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ እያጠበች...

«እማ።»

«ወዬ።»

«ለጋብቻ ቢሆን አትሰጪኝም ነበር፣ አይደል?»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

«አሁን ግን ሰጠሽኝ። ያውም ያለ ጥሎሽ።»

አባቴ ትዝ አለኝ... «ተቀመጡ» ያለው። ያን ጊዜ እኔም ጓዳ ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ ነበር። እኔንም የጠየቀኝ የለም።

ዛሬ ጠዋት እንደነቃሁ ቅጹን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር አወጣሁና ፈረምሁበት። የሦስቱንም ቤት ዞሬ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ቃሌን እመልሳለሁ፣ ሰዳቢም ውሸታምም ይበሉኝ ብዬ ቆረጥሁ። ፊርማዬን ለዝናሽ አሳየኋት። ዘልላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች ብዬ ስጠብቅ...

«አሁንም እኮ አልጠየቅሽኝም» አለች።

«እህ?»

«ትናንት ቅሪ አልሽ፣ ዛሬ ሂጂ አልሽ። ትሁን ጓደኛዬ ናት። ሊድሯት እንደሆነ የሰማሁት ትናንት ጓዳ ሆኜ ነው። ለኔ እንኳ አልነገረችኝም።»

እውነቷን ነው። እኔ ትሁንን መች አሰብኋት? ትናንት እሺ ያልሁት ለሷ አዝኜ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። ለፊቴ ነው እሺ ያልሁት። አያ አለሙ ግን አሁን ዝናሽ ትቀራለች ብለው ለትሁን አባት ነግረውት ይሆናል... ያች ልጅ በኔ ቃል ላይ ተንጠልጥላ ይሆናል።

«እሺ የኔ እናት» አልኋት፣ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቁጭ በይ እንጂ እማ።»

«ካልነገርሽኝ አልቀመጥም።»

ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ድምፅዋን እንደ ሙሽራ አባት ጎርነን አድርጋ፣ «እንግዲያው ዘመድ አማክረን መልስ እንሰጣለን። ቀጠሮሽ ነገ ጠዋት ነው» አለችኝ። ነጠላዋን ጣል አደረገችና በጭቃው ወደ ትሁን ቤት ሄደች።

ይኸው እኔም፣ ያ ሁሉ ወንበር ባለበት ቤት፣ መቀመጥ አቅቶኝ ውያለሁ።