ለቅሶ ቤት ማን ነህ አይባልም

ቅዳሜ ጠዋት ከሶዶ ወደ በዴሳ የተነሳሁት ለቅሶ ልደርስ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ማርቆስ እናቱ ሞተውበታል። የቀብሩ ዕለት ተረኛ ስለነበርኩ ቀረሁ፤ ባልደረቦቼ ሁሉ ደርሰው ተመልሰዋል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ለቅሶ ሳልደርስ ሰኞ ማርቆስ ፊት ከምቆም መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል።

መናኸሪያ

ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል፤ መናኸሪያው ቀይ ጭቃ ነው። ረዳቱ «በዴሳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ገብቼ ሳይ የሚኒባሱ ግማሽ ባዶ ነው። አጠገቤ ሰፊ ኮት የለበሰ ሰውዬና ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ብርቄ ትባላለች። የተቀቀለ ስኳር ድንች በላስቲክ ይዘዋል፤ ሰውዬው «እኔ ጠግቤያለሁ» ብሎ ሁሉንም ለሷ ተወላት።

«አክስቴ፣ ይሄ ጫማሽ ለጭቃ አይሆንም» አለችኝ አፏን ሞልታ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እንደኔ የሚያዝልሽ ሰው ፈልጊ!»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰውዬው ነጠላዬን ማዘቅዘቄን አይቶ «የማን ለቅሶ ነው እህቴ?» አለኝ። ምን እንደቀበጠኝ እንጃ፣ ዝርግፍ አደረግሁለት! የማርቆስን እናት ደግነት፣ የአባትየውን የአቶ ሎሃን ማርጀት፣ ታደለች የምትባለው ትልቋ ልጃቸው ቤተሰቡ ሳያየው የጠላውን ሰው አግብታ ከሄደች ወዲህ ድምጿ መጥፋቱን፣ እናትየውም ስሟን እየጠሩ መሞታቸውን፣ አንድም ሳላስቀር። ሰውዬው «አይ እናት! አይ እናት!» እያለ ያዳምጠኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ አፋፉ የሚታየኝ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

በዴሳ

በዴሳ ስንደርስ ጎዳናው በበሬና በበቆሎ ማዳበሪያ ተጨናንቋል። እነሱ በሞተር ሄዱ። እኔ ሞተር አልወድም፤ በእግሬ፣ በቡናና በእንሰት መሀል፣ ጫማዬን እየረገምኩ ወጣሁ። ብርቄ እውነቷን ነበር።

በዚህ አገር ለቅሶ ሲኬድ ከሩቅ እየጮኹ ነው የሚደረሰው። ባለቤቶቹ ወጥተው ይቀበላሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ ቦታ ይሰጣሉ። ከየት መጣህ፣ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያለቀሰን ሰው ዝምድናውን መጠየቅ ነውር ነው። ይህን ወግ ሁልጊዜ እወደው ነበር።

እኔም እንደ ደንቡ እያለቀስኩ ደረስኩ። ዳሱ ውስጥ ግን ለቅሶ ቆሟል፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ማርቆስ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ።

«የእህቴ ልጅ ተገኘች! ታደለች ታማ ነው አሉ፣ ልጇን ከባሏ ጋር ላከቻት!»

ቀና ስል ብርቄ አቶ ሎሃ ጉልበት ላይ ተቀምጣለች። ኮት ለባሹ ከጎናቸው ዓይኑን ይጠርጋል። አጃኢብ! ክው ብዬ ቀረሁ። አዛውንቱ የልጅቷን ጣት እየዳበሱ ይስቃሉ። ሚስታቸውን ቀብረው ሳምንት ያልሞላቸው ሰው ይስቃሉ!

ሰውዬውን ከዳሱ ጀርባ ጎትቼ አወጣሁት።

«አንተ ምን ዓይነት ጉድ ነህ? ሰው ነህ?»

«እህቴ፣ ለምሳ ብዬ ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ሁልጊዜ የምናደርገው ነው፤ አልቅሰን በልተን እንሄዳለን። ዛሬ ታደለች፣ ታደለች እያልኩ አለቀስኩ፤ የቀረውን እነሱ ራሳቸው ጨረሱት። እኔ እሺ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ሽማግሌውስ?»

የኮቱን ቁልፍ መነካካት ጀመረ። «እናገራለሁ!» ብዬው ወደ ዳሱ ተመለስኩ። ግን የአቶ ሎሃን ፊት ሳይ ተቀመጥኩ። ብናገር በለቅሷቸው ላይ ሌላ ለቅሶ ልጨምርባቸው ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ይህ አጭበርባሪ ቤታቸው ሊከርም ነው። ወሬውን ያቀበልኩት ደግሞ እኔው!

አቶ ሎሃ ይህን ጊዜ አንድ አዲስ ነጠላ አስመጥተው ብርቄ ትከሻ ላይ አደረጉ። ማርቆስ «እናቴ ለታደለች ብላ ያስቀመጠችው ነው፤ ማንንም አታስነካም ነበር» አለኝ በሹክሹክታ።

ብርቄ ነጠላውን አየችው። ከትከሻዋ አውርዳ በደንብ አጣጠፈችና አዛውንቱ ጉልበት ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነስታ በወላይትኛ ተናገረች። ማርቆስ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«ምን አለች?»

«‹የልጅ ልጅህ አይደለሁም› አለችው። ‹ምግብ እንበላለን እንጂ የሞተ ሰው ዕቃ አንወስድም። እሱ ግን ከትናንት ጀምሮ አልበላም፣ ለኔ ነው የሚሰጠኝ፤ አትምቱት።›»

ጎረምሶች ዱላ ይዘው ተነሱ። ብርቄ ሮጣ ሰውዬው ፊት ቆመች፣ እጆቿን ዘርግታ። አቶ ሎሃ እጃቸውን አነሱ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ከዚያ የተናገሩትን ማርቆስ እንባው እየወረደ ነገረኝ።

«‹ከለቅሶ ቤት ሳይበላ የሚባረር የለም፤ አብሏቸው። ነጠላውንም ትውሰደው። የወለድኳት አልመጣችም፤ ይቺ መጥታ ለሚስቴ አልቅሳላታለች።›»

መመለሻ

ለማርቆስ ወሬው ከኔ እንደወጣ ነገርኩት። «አባቴን እንደዛ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ» አለ እንጂ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ እነሱም ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ነጠላው ለብርቄ ረዝሟት ጫፉ ጭቃ ነክቶታል። ፊቷን ሸፍናበት ታለቅሳለች። ሰውዬው ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ «በቃ ተይ፣ ብርቄ። አሁን እኮ የሚያየን የለም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው፤ ለቅሶዋን ግን አላቆመችም።

ሶዶ ቤቴ ስገባ አከራዬ እንደ ልማዷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከመንገድ ስመለስ ሁሉንም እንደምዘረግፍላት ታውቃለች።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?»

«ደርሼ መጣሁ» አልኳትና ገባሁ።