ለሁለተኛው ቦርድ የገለበጥኩት መታወቂያ

ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ የአሳ ማቀዝቀዣ ቤት ነበር የምሠራው። ሁለት ክፍል አለው። ሁለቱንም የምትቆጣጠረው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ናት፤ ለየክፍሉ አንድ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተሰክቶላታል። ቦርዱ ሙቀት ይለካል፣ ሞተር ያስነሳል። ታዲያ ኮምፒውተሯ መታወቂያ የሌለውን ቦርድ አታውቅም። መታወቂያው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የሠሪው ስም አንድ መስመር፣ የቦርዱ ስም አንድ መስመር፣ መለያ ቁጥሩ አንድ መስመር። እሱ ተጽፎ ቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ይጫናል።

የሁለተኛው ክፍል ቦርድ ተቃጠለና አዲስ መጣ። አለቃዬ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ ቴክኒሻን ናቸው።

"የአንደኛውን ፋይል ገልብጥ፣ ጫን፣ በቃ" አሉኝ።

መገልበጥ ከሆነማ ማን ይችለኛል! ካምባ ስማር ለክፍሉ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ነጥብ ሳያጎድል የገለበጠ ይጨበጨብለታል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እስካቋርጥ ሲጨበጨብልኝ ኖርኩ። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይሄንንም ፋይል ነጥብ ሳላጎድል ገልብጬ ጫንኩት።

በነጋታው ረፋድ ላይ አሳ ነጋዴዋ መጣች። ከጫሞ ሐይቅ ያስወጣችው አሳ በሙሉ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚጭነው መኪና ይመጣል። በሩን ዳሰሰች።

"ይሄ በር ለምን አይቀዘቅዝም?"

አለቃዬ ስክሪኑን አሳዩዋት። "ይኸው፣ ሁለት ዲግሪ። ሁለቱም ክፍል እኩል ነው። ማሽኑ ከእጅሽ አይበልጥም?"

"እጄ አሳ ሲያገላብጥ ነው ያረጀው። ማሽንዎ አሳ ነክታ ታውቃለች?"

ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። አንዱ ከፍ ሲል ሌላውም ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ሲል ሌላውም ዝቅ። ሁለት ክፍል እንዴት አብሮ ይተነፍሳል? ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ከፈትኩ። መለያ ቁጥሩ አንድ ነው። ኮምፒውተሯ ሁለቱን እንደ አንድ ቦርድ ቆጥራ፣ የአንደኛውን ሙቀት ሁለቴ ታሳየናለች፤ የሁለተኛውን ሞተር ግን ከትናንት ጀምሮ አላስነሳችውም።

"ጋሼ፣ ቁጥሩ አንድ ነው!"

"ቁጥሩን ቀይር ብዬህ ነበር።"

"አላሉም! ገልብጥ፣ በቃ፣ ነው ያሉት!"

"አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ።"

"ኋላ ትጣላላችሁ" አለች ሴትዮዋ። "አሳዬስ?"

ቁጥሩን ቀየርኩና ልጭን ስል ፕሮግራሙ እምቢ አለ። የቁጥሩ መስመር ተሳስቷል ይላል። ለካ ስቀይር ቁጥሩን የሚዘጋውን የጥቅስ ምልክት አብሬ አጥፍቼዋለሁ። መለስኩት፣ ጫንኩ፣ ኮምፒውተሯን አጥፍቼ አስነሳሁ። ያቺ አንዲት ደቂቃ ከደጋው ከጨንቻ በእግር እንደመውረድ ረዘመችብኝ።

አንደኛ ክፍል፣ ሁለት። ሁለተኛ ክፍል፣ አሥራ ስምንት።

ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ። ሴትዮዋ ግን በሩን ከፍታዋለች፤ ሽታው ፊታችንን መታው። ከላይ ባሉት ሳጥኖች ያለው አሳ ተበላሽቷል። ከታች ያሉት በረዶ ስለተነጠፈላቸው ሊተርፉ ይችላሉ፤ የአሳውን ጉንጭ እየገለጠች የውስጡን ቀለም አየች። "ቀይ ነው፣ ይሄ ይሄዳል። ይሄ አይሄድም። ይሄ ይሄዳል።" የሚሄደውን እየተሸከምኩ አንደኛው ክፍል አስገባለሁ።

አለቃዬ በሩ ላይ ቆመው "ለማቀዝቀዣው ባለቤት ምን እላለሁ?" አሉ።

"እሱ ገለበጠ፣ እኔ አላየሁም ይበሉ" አለቻቸው ቀና ሳትል። "አሁን ሳጥን ያንሱ።"

ኮታቸውን አውልቀው አነሱ።

ለመኪናው ግማሹን አደረስን። የቀረውን ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ማንም አላዘዘኝም።