የተለቀቀው ድልድይ

አንድ ተራ ቀን ባለቤቴን ምን እንደሚያስከፍለው ላስላላችሁ። ገንዘቡን ተዉት፣ እሱ የሁላችንም ችግር ነው። ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት መጀመሪያ በጎኑ ይዞራል፣ ክርኑን ይተክላል፣ ትንፋሹን ይዞ ይቀመጣል፤ ይህ ብቻውን የጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን ጉልበት ይበላል። ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ የሚከፍለው ኩራቱን ነው። ሰፊውን የወገብ ቀበቶ ያጠብቅና ወደ ፊተኛው ክፍል ይወጣል፤ እዚያ የሰው ካውያ፣ ራዲዮና ማራገቢያ ይጠግናል። ወገቡ መቀመጥ ሲከለክለው ይቆማል፣ መቆሙም ሲከብደው ግድግዳ ይደገፋል። ለደንበኛ ፈገግ ማለትም አለ፤ እሱም በነጻ አይመጣም። ለልጃችን የሚተርፋት አንድ አጭር ተረት ነው፤ ጅቡ ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ ተራኪው ያንቀላፋል፣ የቀረውን ልጅቷ ራሷ ትጨርሰዋለች።

ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ተሳቢውን በጠባብ በር ወደ ኋላ ሲያስገባ ሰው ሥራውን ትቶ ያይለት ነበር። አንድ ቀን ጭነት ሲወርድ ከላይ የተንሸራተተ ሣጥን ወገቡን መታው፤ ሹፌርነቱም በዚያው አበቃ። መሪውን የተረከበው ረዳቱ ነው። ረዳቱን ሁሉም "ጎማ" ይሉታል፤ ጎማ ለመቀየር ሲወርድ ሌላው ሰው ጃኬቱን ሳያወልቅ ጨርሶ ይመለሳል ብለው ያወጡለት ስም ነው። መንዳት ያስተማረው ባለቤቴ ነበር። ወላጅ እንኳ እንደዚያ አያስተምርም።

ከጉዳቱ በኋላ ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሐኪሙ "ተነሥ፣ ተንቀሳቀስ" ቢለውም፣ እኔ ብለምነውም፣ ልጅቷ ጀርባው ላይ ብትወጣበትም ወይ ፍንክች። አንድ እሁድ ከሰዓት ጎማ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩት።

"ጦርነት ነው፣ እታለም። ጠረጴዛሽን ጥረጊልኝ።"

ካርቶኑ ውስጥ ትልቅ ካርታ፣ የጥፍር ያህል ትንንሽ ወታደሮች፣ ዕጣ የሚወረወርበት ዳይስና ትራስ የሚያህል የሕግ መጽሐፍ ነበር። ጎማ ጭነት በሚያደርስበት ከተማ የሚጫወቱት ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ተምሮ ነው ያመጣው። ዳማ የለመደ ሰው ሲያየው ራሱ ይዞርበታል። ካርታው መሀል ወንዝ አለ፣ በወንዙ ላይ አንድ ድልድይ፣ ከወንዙ ማዶ ከተማ። አንዱ ወገን ከተማውን ይጠብቃል፣ ሌላው ሊይዝ ይመጣል። እግረኛ አለ፣ ፈረሰኛ አለ፣ መድፍ አለ። ስንቅ ያልደረሰው ጦር ይዳከማል፤ ዳይሱ ዝናብ ካወጣ ወንዙ በእግር አይሻገሩትም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ከተጋደመበት በአንድ ዓይኑ ነበር የሚያየው። ስንቅ የጫኑት ጋሪዎች ላይ ሲደርሱ ግን ቀና አለ።

"ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ሁሉ ሰው በዚች መንገድ ነው የሚበላው? ይሄማ ጦርነት አይደለም፤ የጭነት ሥራ ነው።"

"እሱን ነው እኮ የምልህ፣ አለቃ!"

እንዲህ ተጀመረ። ጎረቤታችን የሒሳብ አስተማሪውም ተጨመረና እሁድ እሁድ ፊተኛው ክፍላችን ጦር ሜዳ ሆነ። ባለቤቴ ጀማሪ ነውና ይሸነፍ ነበር። አንድ እሁድ ክፉኛ ተመታ፤ ሳምንቱን በሙሉ እንደገና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በሚቀጥለው እሁድ ግን ጎማ ድልድዩን መጠበቅ ረሳ። የባለቤቴ ፈረሰኞች ሮጠው ተሻገሩና ከተማውን ያዙ። ያን ቀን ራሱ ተነሥቶ ውሃ ቀዳ፤ ጢሙንም ተላጨ።

ከዚያ ወዲያ ዘዴ አበጀ። እግረኛውን በግራ በኩል ያጯጩኸዋል፤ ጠላት ተጠባባቂውን ጦር ወደ ግራ ሲያዞር፣ ከኮረብታው ኋላ የደበቃቸውን ፈረሰኞች በድልድዩ ይለቃቸዋል። "የጓሮ በር" ብሎ ሰየመው። ካውያ እየጠገነ እንኳ ስለ ጓሮ በር ያስባል። መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየታገለ አነበበ፤ ልጅቷን ሳይቀር "ኮረብታ ምን ይደብቃል?" ብሎ ይጠይቃታል፣ "ፈረስ" ትለዋለች። ሁለቱም ወዳጆቹ በጓሮ በር ተሸነፉ፤ ደግመው ደጋግመው ተሸነፉ። "ጄኔራል" ይሉት ጀመር። እሱም ሱቁን የከፈተው፣ የሰው ዕቃ መቀበል የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። እኔ ደግሞ ሰው ተመለሰልኝ ብዬ ተደሰትኩ፤ ድልድዩን መች አየሁት።

በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ የዚህ ጨዋታ ውድድር እንዳለ ሲሰማ ካልተመዘገብኩ አለ። ጎማ ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ምን ያደርግልሃል፣ አለቃ? ወንበሩ እንጨት ነው፤ ወገብህን ይጎዳሃል።"

"ፈራህ እንዴ? ተማሪህ በለጠህና ሰው እንዳያይብህ?"

አስተማሪው ሳቀ፤ ጎማ አልሳቀም።

ባለቤቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። በዕጣ የደረሰችው ባላጋራ አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ካርታውን ታየዋለች እንጂ ብዙ አታወራም። ጓሮ በሩን ዘረጋባት። በግራ አጯጯኸ፤ ንቅንቅ አላለችም። ፈረሰኞቹን ለቀቃቸው፤ ድልድዩ ላይ እንደ ሰርዲን ጠቅጥቃ አስቀረቻቸው። ጨዋታው ቶሎ አለቀ።

መሸነፉ አልከፋውም፤ ይህን እወቁልኝ። "ጎበዝ ነሽ" አላት፣ ከልቡ ነው።

እሷም ወታደሮቿን እየሰበሰበች፣ "ደፋር ነህ። ግን ድልድዩን ማን ባዶ ይተውልኛል ብለህ ነው?" አለችው።

"ሁሉም ይተዋሉ" አላት።

ቀና ብላ አየችው።

የጎማ ጠረጴዛ ከእኛ ቀጥሎ ነበር፤ ያው ካርታ፣ ጎማ ከተማ ጠባቂ። ባለቤቴ ሊያየው ሄደ። ጎማ ከባላጋራው ጋር እየቀለደ፣ ካርታውን እንኳ በቅጡ ሳያይ፣ ገና በመጀመሪያው ተራ ሁለት እግረኛና አንድ መድፍ ድልድዩ አፍ ላይ አስቀመጠ። እጁ የለመደው ሥራ ነበር፤ እኛ መብራት አጥፍተን እንደምንተኛ። ያንን እጅ ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን አይተነው አናውቅም።

ባለቤቴ ጨዋታው እስኪያልቅ ቆመ። መቆም ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁና ወንበር አመጣሁለት፤ አልተቀመጠም።

"ጎማ።"

"አቤት፣ አለቃ።"

"ድልድዩን ትዘጋለህ ለካ።"

ጎማ ዳይሱን እጁ ውስጥ አሽከረከረ። "ውድድር ነዋ።"

"ቤትስ?"

"ተኝተህ ነበር እኮ። ያሸነፍክ ቀን ተነሥተህ ውሃ ቀዳህ። ከዚያ በኋላ በየትኛው ሆዴ ልዝጋብህ?"

"አስተማሪውስ?"

"ተነጋግረን ነው።"

"ተነጋግራችሁ።" ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ያን የዳገት መንገድ ታስታውሳለህ? ያስተማርኩህን? ቁልቁለቱ ላይ መሪውን ይዤልህ ነበር? እጅህ ላይ ትቼ ከነነፍሴ አጠገብህ ቁጭ አልኩ እንጂ። ብትስት ሁለታችንም ገደል ነን። አንተ ግን እኔን መጫወቻ ሰጥተህ አባበልከኝ።"

ጎማ መሬት መሬት አየ። እኔ መሀል ገብቼ "ለደጉ አስቦ ነው" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለደጉ ማሰቡ እውነት ነው። ባለቤቴ የተማረው ሁሉ ውሸት መሆኑም እውነት ነው።

ቤት ገብቶ ይተኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። አልተኛም። የባሰው ሌላ ነው፦ ሁሉን መጠርጠር ጀመረ። ደንበኛ "እጅህ ይባረክ" ሲለው ዕቃውን መልሶ ሰክቶ ይፈትናል።

"ካውያው በእውነት ሠርቷል፣ ወይስ ያዘነልኝ ነው?" ይለኛል።

"ሸሚዜን ቢያቃጥልብኝ ስጮህ ትሰማለህ" አልኩት።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"እኔ ፈረሱን ከበቅሎው መች እለያለሁ።"

ትንሽ ሳቀ፤ ከንፈሩ ላይ ቀረ።

ሰንበት ብሎ ጎማ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ እኔን የጣለኝ በድልድይ ነው" አለው። ጎማም ነገሩ ቀልድ መስሎት ቀለል አለውና፣ "እሺ፣ ዛሬ እዘጋዋለሁ፤ የአባቴን አጥንት፣ እዘጋዋለሁ" አለ።

ተቀመጡ። ጎማ ድልድዩን ዘጋ። ባለቤቴ ጓሮ በሩን ትቶ በወንዙ ላይኛ በኩል ዞረ፤ ዳይሱ ዝናብ አላወጣም፣ እግረኛው ተሻገረ፣ የጎማን የስንቅ መንገድ ቆረጠ። ጨዋታው የማይገባኝ እኔ እንኳ ጎማ ሲያልበው አየሁ። ከተማው ተያዘ። ድሮ ቢሆን ባለቤቴ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። አሁን የጎማን ፊት ያይ ጀመር።

"ለቀቅክልኝ?"

"አልለቀቅኩም፣ አለቃ።"

"ያኔም እኮ ፊትህ ይኸው ነበር።"

ጎማ ማለ፣ ተገዘተ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሰ። "አምኜህ ቢሆን ዛሬ በደስታ በጨፈርኩ ነበር" አለው። "አንተን ባሸንፍህም ያሸነፍኩህ አይመስለኝም። የወሰድክብኝ ይሄንን ነው።" ጎማ ወጥቶ ሄደ። ሰላምታ አልተቋረጠም፣ በመንገድ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል፣ ባለቤቴም እጁን ያነሣል። ጠረጴዛው ግን ባዶ ነው።

እኔ ተስፋ የምቆርጥ ሴት አይደለሁም። ያን ቀን በላይኛው በኩል የዞረው በራሱ ብልሃት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ብነግረው ሚስቱ ነኝ፣ ማን ያምናል? አሁን መጽሐፉን እንደ አዲስ ከፊተኛው ገጽ ጀምሯል። የሚያስፈልገው የማያውቀው፣ ስለዚህም የማያዝንለት ሰው ነው። ይህን እንደምጽፍ ስነግረው፣ "እንግዲያው የምለውን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ" አለ። የሱ ቃል ይኸው፦

"ይህን የምታነቡ፣ ጨዋታውን የምታውቁ ወይም ልትማሩት የምትፈልጉ፣ እሁድ ከሰዓት ብቅ በሉልኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካውያ ጠጋኙ ወዴት ነው ብትሉ ሁሉም ያሳያችኋል። ካርታውን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ብታሸንፉኝ አልቀየምም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ድልድዩን ዝጉብኝ።"