የማስተዋል ስድስት ሰንጠረዦች

ማስተዋል ምህረቴ ዳንግላ ኬሚስትሪ ስታስተምር እኔ እዚያው ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ይዘን ዓመታት ተቀምጠናል። ትውልዷ ጥርባ አካባቢ ነው፤ ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ስትናገር ያደገች። ዝምተኛ ናት፤ ያልገባትን ነገር ግን ገብቶኛል ብላ አታልፍም። ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህሩን አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ስታስደግማቸው የማፍረው እኔ ነበርኩ።

በ2004 ክረምት ሁለተኛ ዲግሪዋን ባሕር ዳር ጀመረች። በክረምት ክረምት እየሄዱ የሚማሩት ስለሆነ አራት ክረምት ይወስዳል። ከሦስተኛው ክረምት ስትመለስ ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው ርእስ ግራ አጋባኝና ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። የተለመደው ስሌት እያንዳንዱን ኤሌክትሮን የሌሎቹን አማካይ ግፊት ብቻ እንደሚቀበል አድርጎ ይወስደዋል አለችኝ። ኤሌክትሮኖች ግን በየቅጽበቱ እርስ በርስ ይሸሻሻሉ፤ በዚህም የአቶሙ ኢነርጂ ከተሰላው ትንሽ ዝቅ ይላል። ያቺን ትንሽ ልዩነት ለማግኘት ፐርተርቤሽን የሚባል ዘዴ አለ፤ ከአማካዩ ተነስቶ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ማረም ማለት ነው።

«የግምጃ ቤት ከተማን ገበያ አስቢ» አለችኝ። «የሰዉን ብዛት ብቻ ካየሽ መንገዱ የተዘጋ ይመስልሻል። ሰው ግን አንዱ ላንዱ ዘወር እያለ ይተላለፋል።»

አማካሪዋ ዶክተር በዛብህ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጥተው፣ ውጤቱን አውጥታ እንድትጽፍ ነገሯት። እሷ ግን ፕሮግራሙ ምን እንደሚደምር ሳላውቅ ድምሩን የኔ ብዬ አላቀርብም አለቻቸው። ዶክተሩ ሳቁ። እንግዲያው በእጅሽ ሞክሪው ብለው ለቤሪሊየም አቶም የሚያስፈልጉትን መነሻ ቁጥሮች አትመው ሰጧት።

ቤሪሊየም አራት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሁለቱ ከውስጥ፣ ኒውክሊየሱ ጥግ፤ ሁለቱ ከውጭ። አራቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ ስድስት ጥንድ ይሆናሉ። ማስተዋል ለእያንዳንዱ ጥንድ፣ ኢነርጂውን ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ የሚሰላበት አንድ ሰንጠረዥ አሰመረች። ክፍለ ጊዜ በሌለን ሰዓት እኔ ቁጥር አነብላታለሁ፣ እሷ ካልኩሌተሯን እየነካች ትጽፋለች። እንዲህ እያልን ከኅዳር እስከ መጋቢት ቆየን።

የስድስቱ ድምር ሲወጣ ፕሮግራሙ ከሰጠው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ዶክተር በዛብህ በስልክ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል አሏት። እንደገና ሠራችው፤ ያው ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሠራችው። እኔም ደክሞኝ ነበርና ተይው፣ የኮምፒውተሩን ጻፊና ተመረቂ አልኳት። ቾኳን ይዛ ወደ ክፍል ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

«ሰርክአዲስ፣ ስህተቱ እኔ ጋ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አገኘው ነበር» አለችኝ።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ስድስቱን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። በዚያን ቀን ድምሩን ትታ አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። የመጨረሻው ሰንጠረዥ የውጮቹ የሁለቱ ኤሌክትሮኖች ነበር። እሱን አተኩራ አየችና የፕሮግራሙን ውጤት እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አሃዝ በአሃዝ አነበብኩ፤ እሷ በጣቷ ተከተለችኝ። እስከ ስድስተኛው አሃዝ አንድ ነበር። ፕሮግራሙ የደመረው ያንን አንዱን ጥንድ ብቻ ነበር፤ የውስጦቹ ኤሌክትሮኖች ያሉባቸውን አምስቱን ጨርሶ አልነካቸውም። ማስተዋል ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ሳቀች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ሰኞ አስፈቅዳ ባሕር ዳር ሄደች። ዶክተር በዛብህ የፕሮግራሙን መመሪያ ገለጡ። ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው የውስጥ ኤሌክትሮኖችን እንደሚዘልል፣ ይህም የትልልቅ ሞለኪውሎችን ስሌት ለማፋጠን መሆኑን ይናገራል። ሁሉንም እንዲቆጥር አዝዘው ሲያስኬዱት የማስተዋልን ድምር አወጣ። ዶክተሩን የራሳቸው ውጤቶች መጽሐፍ ላይ ካለው ለምን እንደሚያንሱ ሁለት ዓመት ሲያስጨንቃቸው ኖሯል። «እኔ ሌላ ቦታ ስፈልግ ነበር። ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ ጽሑፉ ላይም እንዲህ ተብሎ ይጻፋል» አሏት።

ሐምሌ 2007 ጽሑፏን ስታቀርብ እኔም አባቷም ከኋላ ተቀምጠን ነበር። አቶ ምህረቴ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ከጥርባ መጥተዋል። ከሌላ ቦታ የመጡት ፈታኝ፣ ተመሳሳይ ፕሮግራም የተጠቀሙ ሰዎች ያወጡት ቁጥር ካንቺ ያነሰው ለምንድን ነው ሲሉ ጠየቋት። እሷም ቾክ አንስታ ስድስቱን ጥንዶች ከየውጤታቸው ጋር ጻፈች። አምስቱን በመዳፏ አጠፋቻቸው። «እነሱ ያወጡት ይህን የቀረውን ነው» አለች። ፈታኙ ቁጥሩን ማስታወሻቸው ላይ ገልብጠው ሌላ ጥያቄ የለኝም አሉ። በዚያ ዓመት በክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ያገኘችው እሷ ናት።

ውጭ ስንወጣ አባቷ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም በአገውኛ መለሰች። ሽማግሌው ራሳቸውን ከፍ አድርገው ቀድመውን ሄዱ። ምን አሉሽ አልኳት።

«ሰውዬው ሲጠይቅሽ ፈርተሽ ነበር ወይ አለኝ» አለችኝ። «አልፈራሁም አልኩት።»