አንድ ዓይን የቀረው ካርቱን

እኔ ኮምፒውተር ሳላስነካ ኮምፒውተር ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መካነ ሰላም፣ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን በሚሰጥበት ዘመን። ማሽኖቹ ጠፍተው አይደለም፤ ዳንቴል ለብሰው፣ በር ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል። እኛ ሁለት የኮምፒውተር መምህራን ግን ማውሱን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልን «እዚህ ጋ ሁለቴ ትጫናላችሁ» እንል ነበር። ወላሂ፣ ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሁለተኛው መምህር ወዳጄ ነው፤ የቄስ ልጅ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይስሉ ስለነበር እጁ ከልጅነቱ ቀለም ለምዷል። ንዴቱን በካርቱን ይወጣ ጀመር። ሰኞ ሰኞ መምህራን ማረፊያው በር ላይ አዲስ ይለጥፋል። ዋናው ባለታሪክ ፔንግዊን ነው፤ ማንም ከፍቶ የሚያየው፣ ማንም የሚያርመው፣ ነጻ የሚባለው ሶፍትዌር ምልክት። ፔንግዊን ያየ ሰው ስላልነበረ ተማሪው «ጋቢ የለበሰው ቁራ» ይለው ነበር።

አንዱ ካርቱን ላይ ፔንግዊኑ ጎረቤቶቹን ወንፈል ጠርቶ ሶፍትዌር ያሳርማል። መንገደኛ «ማሳው የማን ነው?» ሲለው፣ «የመጣው ሁሉ፤ አንተም ና» ይለዋል። ሌላው ላይ አንዱ ቫይረስ የያዘውን ፍላሽ ይዞ ጠበል ይሄዳል። ቄሱም «ልጄ፣ መጀመሪያ የት የት እንደሰካኸው ተናዘዝ» ይሉታል። ይቺኛዋ ሻይ ቤት ድረስ ተወርታለች።

የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ የሚንጠለጠለው ዳይሬክተራችን ወገብ ላይ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወዳጄ ለአገሩ እንግዳ ሆኖ ቤት ሲያጣ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል የሰጡት፣ ከልጆቻቸው ጋር አስቀምጠው ጾም ያስፈቱት እሳቸው ናቸው። ብቻ ማሽን ቢበላሽ እጠየቃለሁ ብለው ይፈራሉ። «አብሽሩ፣ ይከፈታል» ይሉናል፤ ዓመቱ ያልቃል።

አንድ ሰኞ ወዳጄ እሳቸውን ሳላቸው። ፔንግዊኑ በር ያንኳኳል፤ እሳቸው «አቧራ ይገባል፤ ክንፍህን አራግፈህ ና» ይሉታል። ወገባቸው ላይ ያለው ቁልፍ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ በጎን ሳላቸው። ጥፋቱ ይኸው ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው። እኔ ሙስሊሙ እንኳ የማውቀውን የሠዓሊ ልጅ እንዴት ይዘነጋል? ዘነጋ! ሐሳቡ ሁሉ ቁልፉ ላይ ነበር። የዚያን ቀን በሩ ላይ የተሰበሰበው መምህር አንድም አልሳቀም። ዳይሬክተሩ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ወረቀቱን ቀስ ብለው ላጡና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እጅህ ይባረክ» ብለውት ሄዱ።

ምነው በተቆጡ! ለተቆጣ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል። ወዳጄ በሐፍረት ግቢያቸውን ለቆ ወጣ። ሽማግሌ እንላክ ስለው «በየትኛው ፊቴ?» አለኝ። መንገድ ላይ ሲያያቸው ይታጠፋል። ካርቱኑም በዚያው ቀረ። ኋላ ዳይሬክተሩ ወደ ወረኢሉ ሲዛወሩ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ስንመኘው የኖርነው በር ተከፈተ፤ ወዳጄ ግን ለማስተማር ይገባል፣ ደወል ሲደወል ይወጣል እንጂ አንድ ቀን ደስ ብሎት አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ ዳይሬክተሩ ማረፋቸውን ሰምተን ለቅሶ ወረኢሉ ሄድን። ባለቤታቸው ገና ሲያዩት ተነሥተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«የት ጠፋህ ልጄ? ምነው እንዲህ ትጨክን? እሳቸው እኮ በር በሩን ሲያዩ ነው የኖሩት።»

እጁን ይዘው ወደ ሳሎን አስገቡት፤ ተከተልኳቸው። ያ ካርቱን እጥፋቱ እንዳለ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹የልጄ ሥራ ነው› ይላሉ። ‹አልጨረሰውም፤ አንድ ዓይኔ ቀርቶታል። ሁሉም ይታረማል የሚለው ራሱ አይደል? መጥቶ ያርመዋል› ይሉ ነበር።»

ወዳጄ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ከወረቀቱ ጎን፣ ከአንዲት ሚስማር ላይ፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮ ተንጠልጥሎ ነበር።